የክረምቱን የአስር ቀን ትንበያ በማሳ ላይ መጠቀም

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአስር ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ ስታነቡ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። አስር ቀኑ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ወር ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 4 እስከ 13፣ ከዚያ ከ14 እስከ 24 እየተባለ ይመጣል። ጊዜው ያለፈበት መግለጫም በስልክ ሲዘዋወር ይከርማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ላይ ነው። መደበኛ ማለት የዚያው ቦታ፣ የዚያው ወቅት የብዙ ዓመት አማካይ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ለቦረና ግን ክረምት ደረቅ ወቅት ነው፣ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ ቦረና ላይ «ከመደበኛ በላይ» ቢባል ጥቂት ካፊያ ሊሆን ይችላል፤ ጎጃም ላይ «ከመደበኛ በታች» ተብሎም ማሳው ጭቃ ሆኖ ሊሰነብት ይችላል። ከመጠኑ ሌላ ስርጭቱንም ተመልከቱ። 60 ሚሊ ሜትር በሁለት ቀን ወርዶ ስምንቱ ቀን ደረቅ ከሆነና ያው 60 በስድስት ቀን ተከፋፍሎ ከወረደ፣ ለቡቃያ አንድ አይደሉም።

ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲጥል ነው። 1 ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር 1 ሊትር ስለሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር 300,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል። መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ይህን ውጦ አይጨርስም፤ ውሃው ይተኛበትና ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው እንደተሰማ ቦዩን ጥረጉ፣ መውጫውንም ወደ ተፈጥሮ የውሃ መውረጃ ምሩት እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አትልቀቁት።

ዩሪያ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ አይበተንም፤ ናይትሮጅኑ ከፊሉ ታጥቦ፣ ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። አፈሩ ደርቆ ዝናብም ካልተጠበቀ ደግሞ ላይ እንደተበተነ ይተናል። የሚመረጠው አፈሩ ረጥቦ፣ ቀለል ያለ ዝናብ የተተነበየበት ቀን ነው። ፀረ አረም መርጨት ግን ዝናብ የሌለበት ሰዓት ይፈልጋል። የአስር ቀን ትንበያ ሰዓት አይነግራችሁም፤ ሆኖም በደጋው የክረምት ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጤዛው እንደደረቀ ጠዋት ርጩ፤ መድኃኒቱ ሳይታጠብ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበት ከመያዣው ላይ አንብቡ።

ወንዝ ዳር ያላችሁ የራሳችሁን ዞን ብቻ አትዩ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከሐረርጌ ከፍታዎች ነው። ከላይ ባለው ደጋ ከባድ ዝናብ ከተባለ፣ በእናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ቢያድርም ደረቁ የወንዝ ወለል ላይ ከብት አታሳድሩ።

ትንበያው ለሰፊ አካባቢ ስለሆነ የማሳችሁን ዝናብ ራሳችሁ ለኩ። ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወስዳችሁ አንገቱን ቁረጡ፤ የተቆረጠውን ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ግጠሙት። ወገቡ የጠበበ ወይም ጎኑ የተሸበሸበ ሃይላንድ አይሆንም፤ ስፋቱ ከአፉ ስለሚለይ ልኩ ይዛባል። ታች ጠጠር ጨምራችሁ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ውሃ ሙሉና እዚያ ዜሮ ብላችሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር አስምሩ። ከዛፍና ከጣሪያ ቁመታቸውን እጥፍ ያህል አርቃችሁ አቁሙት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብባችሁ መዝግቡ፣ ውሃውንም እስከ ዜሮው መልሱ። በረዶ ከጣለ ቀልጦ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ለኩ።