በእንቁራሪትና በእባብ ዘረመል ምርምር ዕድሜ የሚበሉ ስህተቶች

የእንቁራሪት አስተኔዎችንና የገበሎ አስተኔዎችን ዝግመተ ለውጥ ማጥናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ላቦራቶሪው ነው። ማሽኑ፣ ኮምፒውተሩ፣ የዝርያ ሐረግ (ማን ከማን እንደሚዛመድ የሚያሳየውን) የሚሠራው ፕሮግራም። ደጋግሜ ያየሁት ግን ሥራው የሚበላሸው ከዚያ በፊት መሆኑን ነው። ገና እንቁራሪቷ እጅ ላይ እያለች።

ብልቃጡ ላይ በማርከር መጻፍ

ትንሽ ነገር ይመስላል። ናሙናው የሚቀመጠው አልኮል ውስጥ ነው። አልኮል ደግሞ የብዙ ማርከሮችን ቀለም ያጥባል። አንድ ብልቃጥ ካፈሰሰ የጎረቤቶቹም ቁጥር አብሮ ይሄዳል። እኔም አንድ ጊዜ ሳጥን ከፍቼ ምንም ያልተጻፈባቸው ብልቃጦች ጠብቀውኛል። ሥጋው ደህና ነው፤ የማን እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ሕይወታቸውን ያጡ እንስሳት ነበሩና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቁጥሩን በእርሳስ ወፍራም ወረቀት ላይ ይጻፉና ብልቃጡ ውስጥ ይክተቱት። ደብተሩ ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያስፍሩ። እንስሳው ይጮህ እንደነበር፣ ምን ላይ እንደተቀመጠም ይጻፉ።

የእንቁራሪት ሥጋ ውኃ ይበዛበታል፤ አልኮሉን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ትንሽ ቁራጭ በብዙ አልኮል ይንከሩ፣ 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆነው። በማግስቱም ይቀይሩለት።

ፎርማሊንን ማስቀደም

ሙሉው አካል ቅርጹን እንዲይዝ ፎርማሊን በሚባል ኬሚካል ይጠነክራል። ፎርማሊን ግን ዲኤንኤን ይጎዳል። መጀመሪያ ከጉበት ወይም ከጡንቻ ቁራጭ ይውሰዱ፣ ከዚያ ፎርማሊኑ ይከተል። ቁራጩን ብቻ ይዞ አካሉን ሙዚየም አለማስገባትም ጥፋት ነው። ተመራማሪዎች ዝርያውን ከ20 ዓመት በኋላ ለሁለት ቢከፍሉት የእርስዎ ዲኤንኤ የየትኛው እንደነበር በምን ይታወቃል? እንስሳው እጅግ ብርቅ ከሆነ ግን አይግደሉት። ጥሩ ፎቶግራፍና በጥጥ ከቆዳው የተወሰደ ናሙና ይዘው ይልቀቁት።

በሚቶኮንድሪያ ብቻ መፍረድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲኤንኤ በየሴሉ በብዛት ስላለ ለማንበብ ይቀላል። ግን በአብዛኛው የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የሚነግረንም የእናቶችን መስመር ነው። ሁለት ዝርያዎች ድሮ ተዳቅለው ከነበረ የአንዱ ሚቶኮንድሪያ ሌላው ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል።

የአውሮፓን የውኃ እንቁራሪቶች እንይ። «የሚበላው እንቁራሪት» የሚባለው የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲያዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ወላጅ ክሮሞሶሞች አውጥቶ ይጥላል፤ የሌላውን ብቻ ያስተላልፋል። የእንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ከአንድ ጂን አንብቦ መጨረስ አይቻልም። ከኒውክለሱም (ከሴሉ እምብርት) ብዙ ጂኖች ያንብቡ። ከሚቶኮንድሪያና ከኒውክለስ የወጡት ሁለቱ የዝርያ ሐረጎች ካልተስማሙ አንዱን መሳቢያ ውስጥ አይደብቁት። ብዙ ጊዜ ጥሩው ጥያቄ ያለው እዚያው አለመስማማቱ ውስጥ ነው። ኤሊዎችም ለረጅም ጊዜ በራስ ቅላቸው ምክንያት ከሌሎቹ ገበሎ አስተኔዎች ራቅ ተደርገው ይመደቡ ነበር። ብዙ ጂኖች ሲነበቡ ለአዞዎችና ለወፎች ቀርበው ተገኙ።

የጄኖሙን መጠን ሳይጠይቁ እንስሳ መምረጥ

አክሶሎትል የሚባለው ሳላማንደር (ጅራት ያለው የእንቁራሪት አስተኔ) ጄኖም፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤው፣ 32 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ የሰው ሦስት ቢሊዮን ገደማ ነው። ተነብቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በትንሽ በጀት ሳላማንደር ከመረጡ የተመረጡ ጂኖችን ብቻ ያንብቡ።

ከኩሬ ወደ ኩሬ በአንድ ቦት ጫማ መሄድ

ይሄኛው ያስቆጣኛል። ቺትሪድ የሚባለው ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያዎች በእሱ ምክንያት እንደተመናመኑ፣ 90ዎቹም እንደጠፉ እንደሚገመት ዘግቧል። ጭቃውን ያጥቡ፣ ጫማና መረቡን በፀረ-ተባይ ይንከሩ፣ ያድርቁ። ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት ያድርጉ። የምንወደውን እንስሳ እኛው ራሳችን በሽታ ልናመጣበት አይገባም።

ፈቃድን እንደ ወረቀት ጣጣ ማየት

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዘረመል ሀብት ባለቤት አገር ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲኖራት ይጠይቃል። ቱዋታራ የሚባለው እንሽላሊት መሳይ የኒውዚላንድ ገበሎ አስተኔ ጄኖም እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም ንጋቲዋይ የተባሉት የማኦሪ (የአገሪቱ ነባር) ሕዝቦች አብረው ሠርተውበታል። ፈቃዱን ከጉዞው በፊት ይያዙ፤ የአካባቢውን ተመራማሪም ከጥያቄው ጀምሮ ያሳትፉ።

አዲስ ዝርያን መደርደሪያ ላይ ማቆየት

«ትንሽ መረጃ ልጨምርና እጽፈዋለሁ» ይባላል፤ ዓመታት ያልፋሉ። ልጆቿን ጨጓራዋ ውስጥ የምታሳድግ አንዲት የአውስትራሊያ እንቁራሪት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1973 ለሳይንስ ተገለጸች። እ.ኤ.አ. ከ1981 በኋላ በዱር ያያት የለም። ስም የሌለው ዝርያ ጥበቃ ሊጠየቅለትም ያስቸግራል። ዛሬ መሳቢያዎን ይክፈቱና መግለጫውን ይጀምሩ።