የቅስቀሳ ቴምብር ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቅስቀሳ ቴምብር ወይም ፖስተር ቴምብር የሚባሉት፣ እንደ ፖስታ ቴምብር ሙጫና ጥርስ (በተበሱ ቀዳዳዎች መስመር የተቀደደ ጠርዝ) ቢኖራቸውም የፖስታ ክፍያን የማይተኩ ትንንሽ የሥዕል ወረቀቶች፣ በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በአውሮፓ ከሳሙና ማስታወቂያ አንስቶ እስከ ስብከትና የምጽዋት ጥሪ ድረስ ያገለግሉ ነበር። ሃይማኖታዊና ግብረ ገባዊ መልእክት የያዙትን የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በሥዕሉ ተማርኮ፣ ቴምብሩ እንዴት እንደ ተሰጠና የት እንደ ተለጠፈ ሲዘነጋ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ቴምብሩን ከፖስታው ላይ በውኃ ዘፍዝፎ ማላቀቅ ነው። የዴንማርኩ የፖስታ ሠራተኛ አይናር ሆልቦል ያመነጨው የገና ቴምብር፣ ማለትም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ተሽጦ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው፣ በ1904 ለሽያጭ ቀርቦ ነበር፤ በአሜሪካም ኤሚሊ ቢሰል በ1907 ደላዌር ውስጥ ለሚገኝ አነስተኛ የሳንባ ነቀርሳ ማከሚያ 300 ዶላር ለማግኘት ብላ ራሷ የነደፈችውን ቴምብር እያንዳንዱን በአንድ ሳንቲም አስሸጠች፣ ካሰበችውም አሥር እጥፍ ገደማ ሰበሰበች። እንዲህ ያለው ቴምብር ለብቻው ሲገኝ ተራ ሥዕል ነው፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግማሹ በቴምብሩ፣ ግማሹ በፖስታው ላይ አርፎ ሲገኝ ግን ከየት ከተማ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተላከ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ስህተት ቀላል ቢመስልም ጉዳቱ የከፋ ነው፤ እሱም የቤልጂግን ቴምብሮች የግርጌ ቁራጭ ለማስተካከል ብሎ መቅደድ ነው። እነዚህ እውነተኛ የፖስታ ቴምብሮች ናቸው። በ1893 በካቶሊኩ ፓርቲ መንግሥት ዘመን፣ ፖስታ ቤቱን ይመሩ በነበሩት ሚኒስትር ዡል ቫንደንፔሬቦም አማካይነት፣ በየቴምብሩ ሥር «እሑድ አታድርሱ» የሚል ትእዛዝ በፈረንሳይኛና በፍላማንድኛ የተጻፈበት ጠባብ ቁራጭ ታከለ። ሰንበትንና የፖስታ አመላላሹን ዕረፍት ያከበረ ላኪ ቁራጩን ይተወዋል፤ ደብዳቤው እሑድም ቢሆን እንዲደርስለት የፈለገ ደግሞ በጥርሱ በኩል ቀዶ ይጥለዋል። ስለዚህ ፖስታ ላይ ቁራጭ አልባ ሆኖ የተገኘ ቴምብር ጎደሎ አይደለም፤ የላኪው መልስ ነው። ምእመኑ መልሱን በጣቱ የሚሰጥበት ስብከት በሌላ ቴምብር ላይ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ሰብሳቢ ከመቶ ዓመት በኋላ ቁራጩን ሲቀድ በላኪው ስም መልስ መስጠቱ ነው።

መስቀል ያለበትን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ቴምብር አድርጎ መመደብም የተለመደ ነው። ባለ ሁለት አግዳሚው የሎሬን መስቀል በ1902 በርሊን በተካሄደ ጉባኤ የፀረ ሳንባ ነቀርሳ ዘመቻ ዓርማ እንዲሆን የተመረጠ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ናዚ ጀርመንን የተዋጋው የነፃይቱ ፈረንሳይ ንቅናቄ ዓርማ ሆኗል። በ1951 በኢትዮጵያ የወጡት የፀረ ሳንባ ነቀርሳ ቴምብሮችም ይህንኑ መስቀል በቀይ ቀለም ይዘዋል፤ ነገር ግን እነሱ ለበጎ አድራጎት ጭማሪ ዋጋ የታከለባቸው ሕጋዊ የፖስታ ቴምብሮች ስለሆኑ ከገና ቴምብር ጋር አንድ ገጽ ላይ ሊደባለቁ አይገባም።

በእንግሊዝ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ልጆች በየእሑዱ ሲገኙ ይሰጧቸው የነበሩትን ቴምብሮች በተመለከተ የምለው አጭር ነው፦ አልበሙን አትበትኑ። ባዶ የቀሩት ቦታዎች ልጁ የቀረባቸውን እሑዶች ስለሚያሳዩ፣ ከሌላ አልበም ቴምብር አምጥቶ መሙላት መዝገብ እንደ መሰረዝ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ስህተት ጥላቻን የሚሰብኩትን ያለ ማብራሪያ ማሳየት፣ ወይም አፍሮ መጣል ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ «ሥነ ምግባርንና እምነትን መጠበቅ» በሚል ሽፋን አይሁዳውያንን የሚያንቋሽሹ ቴምብሮች ታትመው ነበር። እናቱ አይሁዳዊት የነበረችውና ከናዚዎች ስደት የተረፈው የበርሊኑ ቮልፍጋንግ ሃኔ እነዚህን ሰበሰበ እንጂ አላጠፋቸውም፤ የጀርመን ታሪክ ሙዚየምም በ2016 ስለ ፀረ አይሁዳዊና ዘረኛ ተለጣፊዎች ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ እንዲህ ያሉትን ከነታሪካቸው ለሕዝብ አሳይቷል። በግል አልበምም ቢሆን አሳታሚው ማን እንደሆነ፣ በማን ላይ እንዳነጣጠረና መቼ እንደ ታተመ ከሥሩ መጻፍ ያስፈልጋል።