የቴአትር አዳራሽን ወይም ጋለሪን ለአካል ጉዳተኞች እንዴት ምቹ ማድረግ ይቻላል?

ይሄ ጽሑፍ አዳራሽ ወይም ጋለሪ ላላችሁ፣ ወይም እዚያ ለምትሠሩ ሰዎች ነው። ብዙ ሰው ነገሩ ሲነሳ ሊፍት ብቻ ይታየውና «በጀት የለንም» ብሎ ይተወዋል። ሊፍቱ ያስፈልግ ይሆናል። ግን ያለ ሊፍት የሚሠራ ብዙ ነገር አለ፣ በአንድ ሳምንት የሚያልቅም አለበት። ደግሞ የውለታ ጉዳይ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 ቴአትሩን፣ ሙዚየሙን፣ ሲኒማውን በስም ይጠራል።

መጀመሪያ መንገዱን አብራችሁ ሂዱ

ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ሰዎች ጋብዙ። አንድ ዊልቸር የሚጠቀም፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነው ሰው ይበቃሉ። ሰው ካጣችሁ የዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበራት አሉ፣ ጠይቋቸው። የሚሠሩላችሁ የሙያ ሥራ ስለሆነ ክፈሏቸው።

ጉዞው የሚጀምረው ከታክሲ መውረጃው ነው። ከዚያ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ትኬት መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ ሽንት ቤቱ አብራችሁ ሂዱና የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ጻፉ። ክዳኑ የጠፋ ቱቦ፣ እግረኛ መንገዱን የዘጋ መኪና፣ ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው የማይደርስ የትኬት መስኮት፣ ይሄ ሁሉ ይወጣል። የምታሠሩት ዝርዝር እሱ ነው።

ራምፑ ላይ አትሰስቱ

ራምፕ ማለት በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። በራችሁ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ካሉ ከፍታው 45 ነው፣ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ሊሆን ነው ማለት ነው። «ቦታ የለም» ተብሎ በ2 ሜትር የሚጨረስ አለ። እሱ ላይ ሲወጣ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፣ ባይሠራ ይሻል ነበር። ቦታ ከጠበበ መሐሉ ላይ ሜዳ ማረፊያ አድርጋችሁ እጠፉት።

ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ በሁለቱም በኩል የእጅ መደገፊያ ይኑረው። ለውበት ተብሎ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አታንጥፉበት። ክረምት ላይ በእግሩ የሚሄደውም ሰው ይንሸራተትበታል። ሻካራ ሲሚንቶ ምን አላት?

ሽንት ቤቱ

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ ያለው፣ መቀመጫው አጠገብ ጠንካራ ብረት የተተከለለት ይሁን። ይሄ ተሟልቶ እንኳ ብዙ ቦታ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ክፍሉ መጥረጊያና ባልዲ ይገባበታል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዷል። ዕቃውን አውጡ፣ ቁልፉን ጣሉት።

ወንበር

በአዳራሹ የተለያየ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ወንበሮችን ንቀሉ። አንድ ዊልቸር 90 በ130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የዊልቸር ቦታዎቹን ሁሉ ኋላ አትደርድሯቸው፣ መተላለፊያም ላይ አታቁሟቸው። ሰውየው ከሚስቱ ወይም ከጓደኛው ጋር ነው የመጣው፣ አጠገቡ ተራ ወንበር ይኑር።

መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስትቀጥሩ ጽሑፈ ተውኔቱን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ስጡት፣ ልምምድም ይይ። ግጥምና ተረት ያለበትን ንግግር እዚያው መድረክ ላይ ሰምቶ ወዲያው ተርጉም ማለት ግፍ ነው። ሥራው ረጅም ከሆነ እየተቀያየሩ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የሚቆሙት ከመድረኩ ጎን፣ ከተዋንያኑ ብዙም ሳይርቁ ነው።

መብራቱን አደራ! መድረኩ ሲጨልም አስተርጓሚውም አብሮ ይጨልማል፣ ጨለማው ውስጥ የተባለው ሁሉ ያመልጣቸዋል። ለብቻው የምትበራ አንዲት ለስላሳ መብራት አድርጉለት፣ ፊቱና እጁ ይታይ። መብራት የሚሠራው ባለሙያ ይሄንን ከልምምዱ ጀምሮ ይወቀው። በፕሮጀክተር የአማርኛ ጽሑፍ ማሳየትም ጥሩ ነው፣ ግን የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ የሆነ ብዙ ስላሉ አስተርጓሚውን አይተካም።

ለዓይነ ስውራን

ድምፁን ይሰማሉ ብላችሁ እንዳትተዉት። አዳራሹ በሳቅ ሲፈነዳ ምን እንደታየ ያልነገሩት ሰው ብቻውን ይቀራል። አንድ ጥሩ ተናጋሪ አዘጋጁ፤ ቃለ ተውኔቱ ዝም በሚልባቸው ክፍተቶች «ደብዳቤውን ቀደደችው፣ ጀርባዋን ሰጠችው» እያለ የሚታየውን ብቻ፣ አጠር አድርጎ፣ በማይክና በጆሮ ማዳመጫ ይንገር። ከዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ደግሞ መድረኩ ላይ አውጧቸው። ካባውን፣ ማሲንቆውን፣ መሶቡን ይዳስሱ፣ ተዋንያኑም በገጸ ባሕሪያቸው ድምፅ ራሳቸውን ያስተዋውቁ። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደውም ይሄን ነው።

ጋለሪ ከሆናችሁ የሥዕሉን መግለጫ በትልቅ ፊደልና በብሬል (በጣት በሚዳሰስ ፊደል) አዘጋጁ፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በሚነበብ ከፍታ ስቀሉት። ቀራፂው ከፈቀደ የሚዳሰስ አንድ ሁለት ሥራ ይኑር።

በር ላይ ያሉትን አሠልጥኑ

ሁሉን ሠርታችሁ ጥበቃው ካበላሸው ዋጋ የለውም። ሲፈትሽ ነጭ በትሩን አይቀማ። «ይገባል?» ብሎ አብሮት የመጣውን አይጠይቅ፣ ራሱን ባለጉዳዩን ያናግር። ሰውን ተሸክሞ ደረጃ ማውጣት ደግሞ ደግነት እየመሰለ ሰው ይጎዳል፣ ክብርም ይነካል።

መድረኩን አትርሱ

ተዋናዩም፣ ሙዚቀኛውም አካል ጉዳተኛ ሊሆን ይችላል። ራምፑ ተመልካቹ ጋ ብቻ ካለቀ መልበሻ ክፍሉና መድረኩ እንደተዘጉ ናቸው።

በመጨረሻ ማስታወቂያው ላይ ያላችሁንም የሌላችሁንም ጻፉ፦ «ራምፕ አለን፣ ሽንት ቤቱ ገና ነው፣ የምልክት ቋንቋ ትርጉም ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ» ብላችሁ። መደወል የማይችል ሰው እንዲጽፍላችሁ የቴሌግራም ቁጥርም አስገቡበት። ታክሲ ኮንትራት ይዞ መጥቶ ከበር ከሚመለስ ቤቱ ሆኖ ቢያውቀው ይሻለዋል።