የማይለቅ የፊት ሕመም፦ ምርመራውን የሚያጓትቱ ስህተቶች

ጅማ ላይ ፊቱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማ ከሴ ይታሻል፣ ይሸተታል። ካልተሻለው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሄዳል። ማንንም አልወቅስም። ጥርስ፣ ሳይነስ፣ መንገጭላና ነርቭ እዚያው ጎን ለጎን ስለሆኑ ሕመሙ ከየት እንደተነሳ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ግን ነገሩን ዓመታት የሚያስጎትቱ፣ ልናስቀራቸው የምንችላቸው ስህተቶች አሉ።

ራጅ ሳይታይ ጥርስ ማስነቀል

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ የተነቀለ ጥርስ አይመለስማ። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የሚባል የነርቭ ሕመም አለ። የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ የደም ሥር ይጫነውና ሽፋኑን ይጎዳዋል። ከዚያ በኋላ ቀላል ንክኪ እንኳ እንደ ኮረንቲ ይነዝራል። ይኸው ነርቭ ጥርስም ድረስ ስለሚዘልቅ ታማሚው «ይቺ ናት» ብሎ ደህና ጥርሱን ያሳያል። ትነቀላለች። ሕመሙ ይመለሳል። ቀጥሎ ጎረቤቷ ትነቀላለች።

የሚያሳስተው ደግሞ ከነቀላው በኋላ ጋብ ሊል መቻሉ ነው። ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከማስነቀልዎ በፊት «ራጁ ላይ ምን ታየ?» ብለው ይጠይቁ። ጥርሱ ደህና ከሆነ አይቸኩሉ። እብጠት ካለ፣ ወይም ትኩስና ቀዝቃዛ ሲነካው ቆይቶ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን የጥርስ ሐኪሙ ትክክለኛው ሰው ነው።

«ያመኛል» ብሎ ማቆም

ይህን የነርቭ ሕመም የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚለየው በዋናነት ከእርስዎ አንደበት ነው። በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ስንት ሰከንድ ይቆያል? ምን ይቀሰቅሰዋል? ፊት ሲታጠቡ፣ ጥርስ ሲቦርሹ፣ ሲጎርሱ፣ ባጃጅ ላይ ንፋስ ሲመታዎት? ከቅጽበት እስከ 2 ደቂቃ የሚቆይ፣ በአንድ ወገን የሚመታ ንዝረት ከሆነ ወደ ነርቩ ያመለክታል። ጆሮ አካባቢ ለሰዓታት የሚከብድ፣ አፍ ሲከፈት «ቀጭ» የሚል ከሆነ የመንገጭላ መገጣጠሚያ ወይም ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

ጫት የሚቅሙ ከሆነም ይንገሩ። ለሰዓታት ማኘክ የመንገጭላን ጡንቻ ያደክማል። ጅማ ላይ ለሚሠራ ሐኪም በርጫ አዲስ ወሬ አይደለም! ፊትዎ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶ ከነበረም፣ ቁስሉ ቢሽርም ይጥቀሱት፤ የሚያቃጥል ሕመም ትቶ ሊሄድ ይችላል።

በየክሊኒኩ ከዜሮ መጀመር

ራጁን፣ ካርዱን፣ የመድኃኒቱን ባዶ ፓኬት በአንድ ፌስታል ይያዙ።

ማስታገሻ እያፈራረቁ መቆየት

ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዱም። ዳይክሎፌናክ ሲበዛ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። አፍንጫዎ ሳይዘጋና ፈሳሽ ሳይኖር «ሳይነስ ነው» እየተባለ አንቲባዮቲክ ከተደጋገመብዎትም ጥያቄ ያንሱ።

ካርባማዜፒን ሲታዘዝ ደንግጦ መተው

ወረቀቱ ላይ «የሚጥል በሽታ» የሚል ሲያዩ ብዙዎች «እኔን?» ብለው ይጥሉታል። ለትራይጀሚናል ኒውራልጂያም የመጀመሪያ ምርጫው ይኸው መድኃኒት ነው፤ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሰጣል። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሲጀመር ማዞርና እንቅልፍ ያመጣል። ሽፍታ ወይም የአፍ ቁስል ከወጣ ግን ያንኑ ቀን ሐኪም ያግኙ። የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ያዳክማል፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶችም ጋር ይጋጫል። የሚወስዱትን ሁሉ አስቀድመው ይንገሩ።

ምስሉ ንጹህ ነው ሲባል ተስፋ መቁረጥ

ኤምአርአይ የሚታዘዘው በዋናነት እጢ ወይም ሌላ የነርቭ በሽታ እንዳለ ለማየት ነው። ምንም አልታየም ማለት አልታመሙም ማለት አይደለም።

ቀጠሮ መጠበቅ የሌለበትን መጠበቅ

ዕድሜዎ ከ50 በላይ ሆኖ፣ በዓይንና በጆሮ መካከል አዲስ ሕመም ከጀመረ፣ ሲያኝኩ መንገጭላዎ ከዛለ ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ዓይን ያጠፋል። የመንገጭላ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ሲመጣም ልብ ሊሆን ይችላል። ከአጋሮም ይምጡ ከሰቃ፣ ያኔውኑ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።