ለሐኪም ቀኑን በየትኛው ካሌንደር ነው የምትነግሪው?

በዲቪ አሜሪካ የመጣች አንዲት ልጅ ባለፈው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ «እዚህ አገር ለወር አበባ ሕመም ምን ይዋጣል?» አለችኝ። በዚህ ወር አራተኛዋ ናት። ለአምስተኛዋ ይህን እልክላታለሁ።

ለተራ ቁርጠት አይቡፕሮፌን ያለ ማዘዣ ይገዛል። የፋርማሲው የራሱ ስም ያለበትን፣ ረከስ ያለውን ግዢ፤ መድኃኒቱ አንድ ነው። ሲጀምርሽ ውሰጂ እንጂ እስኪያንገበግብሽ አትጠብቂ። በባዶ ሆድ ግን አይሆንም። ጾም ነው ብለሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ ውጠሽ ጨጓራሽ ሲነድ እኔን አትውቀሺ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት አስቀድማ ፋርማሲስቱን ትጠይቅ፤ አያስከፍልም።

ሞዴስ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ፣ ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ወይም የረጋ ደም በብዛት ከወረደ «የአየር ለውጥ ነው» እያልሽ አትቀመጪ። ማዮማ (የማሕፀን ዕጢ) ሊሆን ይችላል፤ በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ የሚያጥርሽም በደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ደሙ አልቆም ብሎ ካዞረሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ለየወሩ ቁርጠት ግን እዚያ መሄድ ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ኢንሹራንስ ከሌለሽ እንደ ገቢሽ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ከጉዞና ከጭንቀት የተነሣ አንድ ወር ቢዘል አይግረምሽ፤ እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጪ፤ ሦስት ወር ከቀረ ተመርመሪ።

እኔ የተቃጠልሁት በሌላ ነው። እዚህ አገር የትኛዋም ነርስ ክብደትሽን ለክታ ስትጨርስ «የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው መቼ ነው?» ትልሻለች። በመጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ኖቬምበር 20፣ ለቁርጠት ሄጄ ተጠየቅሁ። የሚካኤል ዕለት እንደ ነበር አስታወስሁና «ኦክቶበር 12» አልሁ። ጥቅምት 12 ግን በዚያ ዓመት ኦክቶበር 22 ነበር! ሃያ ዘጠኙ ቀን በእነሱ ስሌት ሠላሳ ዘጠኝ ሆነና «ዘግይቷል» ተባለ። የሽንት ምርመራ፣ ከዚያ የደም፣ ከዚያ አልትራሳውንድ። ምንም አልተገኘም። የሄድሁበትን ቁርጠት ያነሣው ሰው የለም። ከአንድ ወር በኋላ የ640 ዶላር ሒሳብ በፖስታ መጣ። ደውዬ ላስረዳ ብል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰምተውኝ «ቀኑን የነገርሽን አንቺ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በየወሩ ስለማይመሳሰል በጭንቅላትሽ አታስቢው። ደም ያየሽበትን የመጀመሪያ ቀን ያኔውኑ በስልክሽ የፈረንጅ ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጊ። ቀጠሮ ስትይዢም «አማርኛ» በይ፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሕክምና ቤት ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የባልሽን ወንድም ይዘሽ ሄደሽ ስለ ደምሽ ግማሹን ዋጥ አድርገሽ የምትመለሺው ለምንድን ነው? ለአስተርጓሚዋም ቢሆን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ንገሪያት፤ «ጥቅምት 12» ካልሻት እሷም «ኦክቶበር 12» ብላ ልታሳልፈው ትችላለች።