ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፦ ብራንድ ልግዛ ወይስ ልገጣጥም? ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚወሰን

ዴስክቶፕ ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ይረክሳል?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከእሱ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ቢል ኃላፊው ማነው? ብራንድ፣ ማለትም በአምራቹ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ኮምፒውተር፣ ከገዙ አምራቹ ነው። ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝተው ራስዎ ከገጣጠሙ እርስዎ ነዎት። ዋጋውም ፍጥነቱም ከዚህ በኋላ ነው የሚመጡት።

ሁለቱንም መንገድ ሄጄባቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሰው ሲያማክረኝ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ይጻፉ

ወረቀት ይያዙና ኮምፒውተሩ የሚሠራቸውን ሦስት ዋና ዋና ነገሮች ይጻፉ። «ለሁሉም ነገር» ብለው አይለፉት። ለሁሉም ነገር ተብሎ የተገዛ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚውለው ለኢንተርኔት፣ ለጽሑፍና ለፊልም ነው።

ዝርዝሩ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ ኢሜይልና የቪዲዮ ስብሰባ ብቻ ከሆነ ውሳኔው እዚሁ አለቀ ማለት ይቻላል። ብራንድ ይግዙ። 16 ጊጋባይት ራም (ሥራው እየተሠራ የሚያዝበት ማስታወሻ) እና ኤስኤስዲ (ፋይሎች የሚቀመጡበት ፈጣን ማከማቻ) ያለው ተራ የቢሮ ዴስክቶፕ ለዓመታት ያገለግልዎታል። ለዚህ ሥራ ብሎ መገጣጠም ትርፉ ድካም ነው።

ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ የ3ዲ ሥራ፣ ከባድ ጌም፣ ወይም ኤአይ ሞዴል በራስዎ ማሽን ላይ ማስኬድ ካለበት ግን ነገሩ ይለያል። እነዚህ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስልን የሚያሰላ የተለየ ዕቃ፣ ይፈልጋሉ። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ አቅም ያለው ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያድለው)፣ ሰፊ ኬዝ (ውጪው ሳጥን) እና በደንብ የሚዘዋወር አየር ይፈልጋል።

2. ልዩነቱ የት እንዳለ ይወቁ

ብዙ ሰው ብራንድ ሲባል አንድ ፋብሪካ ከሀ እስከ ፐ የሠራው ዕቃ ይመስለዋል። አይደለም። የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ ዴስክቶፕ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ነው። ራሙም ከሳምሰንግ፣ ከማይክሮን፣ ከኤስኬ ሃይኒክስና ከመሰሎቻቸው የመጣ ነው። ነገሩ ከመነሻውም እንዲህ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ፒሲ በአብዛኛው ከሌሎች ኩባንያዎች በተገዙ ዕቃዎች የተሠራ ነው። ሌሎች አምራቾች መሰሉን ለመሥራት የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ዴል ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ማይክል ዴል የተባለ ተማሪ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ኮምፒውተር እያሻሻለ ሲሸጥ ነው።

እንግዲህ ሁሉም የተገጣጠመ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው ሦስት ዕቃዎች ላይ ነው፦ ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ)፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ። ለየብቻ የሚሸጡት አብዛኞቹ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣውን ኤቲኤክስ የሚባል መለኪያና ከእሱ የወጡትን ይከተላሉ። የብሎኑ ቀዳዳና የገመዱ ጫፍ የታወቀ ነው። አንዱ ቢቃጠል ከሌላ ኩባንያ ገዝተው ይተኩታል። ብራንዶች ግን፣ በተለይ በቢሮ ሞዴሎቻቸው፣ እነዚህን ሦስቱን በራሳቸው ልክ ማሠራት ይወዳሉ።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት አንድ ወዳጄ ጋ ነው። ጥሩ የቢሮ ብራንድ ነበረው። ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲጀምር ግራፊክስ ካርድ ገዛና «ግጠምልኝ» ብሎ ይዞት መጣ። የጎኑን ክዳን ከፈትኩ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 180 ዋት ይላል። ወደ ካርዱ የሚሄድ ገመድ የሚባል ነገር የለም። እሺ፣ ፓወር ሰፕላዩን እንቀይረው አልን። ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካውን ገመድ ስነቅለው ከሥሩ ያገኘሁት የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሳይሆን ባለ 6 ፒን ትንሽ መሰኪያ ነው። ገበያ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ አይገባበትም። ማዘርቦርዱም ይቀየር እንዳንል የኬዙ ቀዳዳዎች ሌላ ናቸው። ካርዱን ጠጋ አድርገን ስንለካው ደግሞ ከኬዙ ይረዝማል። ወዳጄ ካርዱን በኪሳራ ሸጠው።

ኮምፒውተሩ መጥፎ ዕቃ አልነበረም። ለተሠራበት ሥራ ሳይጮህና ሳይሞቅ ያገለግል ነበር። ወዳጄ ሲገዛው «ነገ ምን ልጨምርበት እችላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ግን ሌላ ሞዴል ይገዛ ነበር።

3. ብራንዱ ላይ ያልተጻፈውን ይጠይቁ

ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን ነው። እርስዎ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ይያዙና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠውን ዝርዝር ያንብቡ።

ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋት ነው? መሰኪያውስ የተለመደው ነው? የራም ቦታው ስንት ነው፣ ስንቱስ ባዶ ነው? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁለት የራም ቦታ ያለው ማሽን ላይ 16 ጊጋባይቱ በአንድ ቁራጭ ከመጣ ራሙ በግማሽ መስመር ነው የሚሠራው። ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይፈጥናል፤ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ኤስኤስዲውስ ኤንቪኤምኢ ነው ወይስ ሳታ? ሁለቱ ኤስኤስዲ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ናቸው። ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ኤንቪኤምኢ በሺዎች ይቆጥራል።

በመጽሐፍ ልክ የሚሠሩት ትንንሾቹ ዴስክቶፖች ቦታ አይፈጁም፣ መብራትም ይቆጥባሉ። ግን አብዛኞቹ የላፕቶፕ ራም ነው የሚጠቀሙት፤ ግራፊክስ ካርድም አያስገቡም። ማክ ከፈለጉ ደግሞ መገጣጠም የሚባል አማራጭ የለም። አሁን ያሉት ማክ ሚኒዎች ላይ ራም ከተገዛ በኋላ ስለማይጨመር የሚበቃዎትን ከመጀመሪያው ይዘዙ።

ከዚያ ዋስትናው። ስንት ዓመት ነው? ክዳኑን መክፈት ያፈርሰዋል? ሲበላሽ ቴክኒሻን ይመጣል ወይስ ማሽኑን እርስዎ ይልካሉ? ሳምንት ሙሉ ያለ ኮምፒውተር መቀመጥ ለማይችል ሰው ይህ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይበልጣል።

4. የመገጣጠሙን ወጪ አሟልተው ይደምሩ

«መገጣጠም ይረክሳል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሚደምሩት። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ፣ ካስፈለገ ግራፊክስ ካርድ። እስከዚህ ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሱት የዊንዶውስ ላይሰንስና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ናቸው። ብራንድ ብዙ ጊዜ ላይሰንሱን ይዞ ይመጣል። የተገጣጠመ ላይ ለብቻው ይገዛል፣ ወይም ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሊኑክስ ይጫናል። በስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ፊደል ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ማቀዝቀዣ ይዘው አይመጡም።

«ኤፍ» ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። ያለ ግራፊክስ ካርድ ከገዟቸው ማሽኑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ኤኤም4 ለሚባለው መቀመጫ የተሠሩት የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም «ጂ» ካልተጻፈባቸው እንደዚያው ናቸው።

ሁሉንም ከደመሩ በኋላ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ያወዳድሩ። በጥቅሉ ሲታይ በርካሹ በኩል ብራንድ ያሸንፋል፤ ኩባንያዎቹ ዕቃውንም ላይሰንሱንም በብዛት ስለሚገዙ ነው። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ሲገባበት ሚዛኑ ወደ መገጣጠም ያደላል። ግን የሁለቱም ዋጋ በየጊዜው ስለሚዋዥቅ በገዙበት ሳምንት እንጂ ባለፈው ዓመት በሰሙት ወሬ አይወስኑ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልምከር። ፓወር ሰፕላይ ላይ አይቆጥቡ። ኤይቲ ፕላስ ብሮንዝ ወይም ጎልድ የሚለው ምልክት የሚነግርዎት መብራት ሳያባክን መሥራቱን እንጂ ጥራቱን አይደለም። ስሙ የታወቀና ረጅም ዋስትና ያለው ይምረጡ። ርካሹ ሲቃጠል ሌላውን ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

5. ዕቃዎቹ መጣጣማቸውን ያረጋግጡ

ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ አንድ ዓይነት ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት) ሊኖራቸው ይገባል። የኤኤም5 ፕሮሰሰር ኤኤም4 ቦርድ ላይ አይቀመጥም። ዲዲአር4 ራም ዲዲአር5 ቦታ አይገባም፤ መሐሉ ያለው ስንጥቅ ቦታው ይለያያል። የግራፊክስ ካርዱን ርዝመትና የማቀዝቀዣውን ቁመት በሚሊሜትር ከኬዙ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ፒሲፓርትፒከር የሚባለው ድረ ገጽ አብዛኛውን ይህን ሥራ ይሠራልዎታል። ቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የወጣ ከሆነ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) መታደስ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሻጩን ይጠይቁ።

6. ራስዎን ይመዝኑ

መገጣጠሙ ራሱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። አንድ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና ያልተጣደፈ ከሰዓት በቂ ነው። የሚፈትነው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

መጀመሪያ የገጣጠምኩትን ኮምፒውተር ሳበራው ፋኖቹ ዞሩ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ራሙን ነቅዬ ሰካሁ። ግራፊክስ ካርዱን አወጣሁ፣ መለስኩ። ገመድ ቀየርኩ። ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ማዘርቦርዱን በባትሪ እያበራሁ ስፈትሽ ከላይ በግራ ጥግ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ባዶ የሆነ ባለ 8 ፒን መሰኪያ አየሁ። የፕሮሰሰሩ ኃይል የሚገባው በዚያ ነው። ሰካሁት፣ ተነሳ።

እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዓቶች ይመጣሉ። ከመጡ በኋላ ማሽንዎን እንደ ኪስዎ ያውቁታል። ለአንዳንድ ሰው ይህ ደስታ ነው፤ ለሌላው ማሰቃየት። የትኛው እንደሆኑ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤት ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ መኖሩም ለውጥ ያመጣል፤ መፍትሔውን የሚፈልጉበት እሱ ነው።

ከወሰኑ እነዚህን ይያዙ። ማዘርቦርዱ ኬዙን በቀጥታ እንዳይነካ መቆሚያ ብሎኖቹን ቀድመው ያስገቡ። ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ብቻ ይያዙ፤ የታጠፈ ፒን ዋስትና አይሸፍነውም። ራሙን «ቀጭ» እስኪል ይጫኑት። አራት ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚገባው። ግራፊክስ ካርድ ካለ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ይሰኩ። ዲዲአር5 ያለው ማሽን መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን እየለካ ለደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ተበላሸ ብለው አያጥፉት።

7. መሐል ያሉትንም መንገዶች ይዩ

ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። ዕቃውን እርስዎ መርጠው ባለሙያ ይገጣጥመው። እንዲህ ካደረጉ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ሞዴል የያዘ ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ። «650 ዋት ፓወር ሰፕላይ» የሚል ብቻ አይበቃም፤ የየትኛው ኩባንያ፣ የትኛው ሞዴል? ዋስትናው ለሙሉ ማሽኑ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ሌላው ኩባንያዎች ተጠቅመውበት የለቀቁት የቢሮ ብራንድ ነው። ለተማሪና ለቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ ዋጋ አላውቅም። ብቻ ዕድሜውን ይዩ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ከዚያ በታች ያለ ማሽን ሲገዙ ሊኑክስ ሊጭኑበት አስበው ይሁን።

8. እጅዎ በገባበት ሳምንት

ብራንድ ከሆነ ራሙ፣ ፕሮሰሰሩና ኤስኤስዲው በዝርዝሩ እንደተጻፈው መሆኑን ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ይዩ፤ ዋስትናውንም በሴሪያል ቁጥሩ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይፈትሹ። የተገጣጠመ ከሆነ የእያንዳንዱን ዕቃ ሴሪያልና ደረሰኝ ፎቶ አንስተው አንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ዋስትናቸው የተለያየ ነው። ካርቶኖቹንም ቢያንስ የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ አይጣሉ። ከዚያ በሁለቱም ላይ የሚሠሩትን ከባዱን ሥራ በዚያው ሳምንት ለሰዓታት ያሠሩት። የሚሞቅ፣ የሚጠፋ ወይም የሚቆም ከሆነ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ይታወቅ።