ሄጅሆግ በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል? መጀመሪያ ሙቀቱን አስተካክሉ

ለእናቴ በስልክ "ጃርት ገዛሁ" ያልኳት ቀን ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ "ያንን ድንቹን የሚጨርሰውን? ምን ነካሽ ልጄ!" አለችኝ። አልፈርድባትም። አገር ቤት ጃርት ሲባል የሚታየን ባለ ረጅም እሾኹ የገበሬ ጠላት ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ ሄጅሆግ ይሉታል። ክብደቱ ከ300 እስከ 600 ግራም ቢሆን ነው፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፈራ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። እሾኹ አጭር ነው፤ እንደ ጃርቱ ተነቅሎ ቆዳችሁ ላይ አይቀርም። በቤት የሚያዘው ዓይነት መነሻው አፍሪካ ነው፤ ዱር ያለው ዘመዱ ኢትዮጵያ ውስጥም ይገኛል።

የእኔው ስሙ ቆሎ ነው። ማታ ምግቡን ሲቆረጥም ድምፁን ብትሰሙ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሕጉን ጠይቁ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚህ ይቻላል። ካሊፎርኒያ፣ ጆርጂያ፣ ሃዋይና ኒውዮርክ ከተማ ግን ክልክል ነው። አትላንታ ያላችሁ ወገኖች፣ ይቅርታ። የአከራያችሁንም ውል አንብቡ። ሐኪምም አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ሄጅሆግ አያይም።

ቤቱ

ቢያንስ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ወለሉ ሽቦ ያልሆነ ሰፊ ሣጥን ይበቃል። ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ፤ መደበቂያ ጎጆና የውሃ ሳህን አስቀምጡ። የሚሮጥበት መሽከርከሪያ ግን የግድ ነው። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ መርገጫው ድፍን ይሁን። የሽቦውን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ እግሩ መሃል ገብቶ ይሰበራል። ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሮጥ መኝታ ቤታችሁ አታስገቡት። እየሮጠ ስለሚጸዳዳም መሽከርከሪያውን በየቀኑ ማጠብ አለ።

ሙቀቱ

የምጽፈው ለዚህ ክፍል ስል ነው። ሌላው ቢበላሽ ይስተካከላል፤ ይሄ ከተበላሸ እንስሳው ይሞታል።

ሄጅሆግ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ በፋራናይት ከ75 እስከ 80 መሆኑ ነው። "እኔ ካልበረደኝ እሱም አይበርደውም" ማለት አይሠራም። አውሮፓ ያለው ዘመዱ ክረምቱን ተኝቶ ያሳልፋል፤ የእኛው ግን ለዚያ አልተፈጠረም። ሲበርደው ሰውነቱ ልተኛ ይላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ግን ላይነቃ ይችላል።

እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ለወገብ ሕመም የገዛሁትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ከሣጥኑ ሥር አነጠፍኩለት። የገና ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን አደርኩ። የቤቱን ማሞቂያ ዝቅ አድርጌ ነበር የወጣሁት፤ ጨርቁ አለ ብዬ። ለካ ለሰው የሚሠራው ማሞቂያ ሰው ተኝቶበት እንዳይቃጠል ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱን ያጠፋል! ጠዋት በነጠላዬ እንዳለሁ ሣጥኑን ከፈትኩ። ምግቡ አልተነካም። ቆሎ በከፊል ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ስነካው አልተኮሳተረም፣ አልነፋብኝም። ገልብጬ ሆዱን ስዳስሰው ከፍሪጅ የወጣ ሥጋ ነው የመሰለኝ።

ይሄ ከደረሰባችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ልብሳችሁ ሥር አስገብታችሁ ከገላችሁ ጋር አጣብቁት። ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አድርጉ። ቀስ ብሎ ነው መሞቅ ያለበት። እስኪነቃ ምንም በአፉ አትስጡት። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ቀሚሴ ሥር ይዤው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዶሮ ወጡ ሳይሞቅ ቀረ። መጀመሪያ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ተነሣ። ቢነቃም ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እንዳይደገምበት መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ መግዛት ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ አምፖል፣ እሱን የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት፣ ለብቻው የሚቀመጥ ቴርሞሜትር። ቴርሞስታቱን ዝለሉት የሚላችሁን አትስሙ። ያለሱ አምፖሉ ወይ ይጠብሰዋል ወይ ያበርደዋል። ቴርሞሜትሩን ደግሞ እሱ በሚተኛበት ከፍታ አድርጉት፤ ላይኛው አየር ሞቆ ወለሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ብርሃንም በቀን 12 ሰዓት ያህል ያግኝ፤ የብርዱ ወራት ጨለማም ያንኑ እንቅልፍ ይጠራበታል።

ምግብ

ፕሮቲኑ ከፍ፣ ስቡ ዝቅ ያለ ደረቅ የድመት ምግብ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ። በሳምንት ጥቂት ቀን ለእንስሳት ምግብነት የሚሸጡትን ትሎች ጣል አድርጉለት። ጨው ያልነካው የተቀቀለ ዶሮ ወይም እንቁላልም ይወዳል። "እንጀራ አይበላም?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የነፍሳት በላተኛ ነው፤ እንጀራ ምን ያደርግለታል? ወተት አትስጡት፣ ሆዱን ያበላሻል። አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብና ቸኮሌት ክልክል ናቸው። ስሙ ቆሎ ቢሆንም ቆሎ አይቀምስም፦ ለውዙ የላንቃው ጣሪያ ላይ ይሰነቀራል።

ማላመድ

ወፍራም ጓንት አልወድም። ጠረናችሁን አያውቅም፣ እናንተም እጃችሁ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ አይታወቃችሁም። ይልቅ የለበሳችሁትን ቲሸርት ሳታጥቡ ቤቱ ውስጥ አኑሩለት። ማታ ሲነቃ ከሆዱ ሥር በሁለት እጅ አንሡትና ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ዝም በሉ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይብቃ። ሳምንታት ይፈጃል።

አንድ ቀን በርበሬ ስደልዝ ቆይቼ በደንብ ሳልታጠብ አነሣሁት። እጄን ላሰ ላሰና አፉ አረፋ በአረፋ ሆነ፤ አንገቱን ጠምዝዞ አረፋውን ጀርባው ላይ ይቀባ ጀመር። አበደ ብዬ ልሞት ነበር! ጤነኛ ነው። አዲስ ሽታ ሲያገኝ የሚያደርገው ነው።

ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ፊታችሁ ጋ አታስጠጉት፣ አትሳሙት። ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ ከነዚሁ እንስሳት ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ በ2019ም በ2020ም ተመዝግቧል። ዕቃውን ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤት ባይገባ ይሻላል።

ገላና ጥፍር

ሲቆሽሽ ብቻ፣ እስከ ሆዱ በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሾኹን ወደ ተኛበት አቅጣጫ ቦርሹት። ግልገል ሳለ እሾኹን ቢቀይር አትደንግጡ። አድጎ እያከከው፣ ቆዳው እየተቀረፈ የሚረግፍ ከሆነ ግን ቅንቅን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጥፍሩን የምቆርጠው እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ለመቆም ሲል መጠቅለሉን ይረሳዋል። በሕፃን ጥፍር መቁረጫ ጫፉን ብቻ። አራቱን እግር በአንድ ማታ ልጨርስ ካላችሁ ሁለታችሁም ትማረራላችሁ፤ እኔ ዛሬ ሁለቱን፣ ነገ ሁለቱን ነው የምሠራው።